ይድረስ ለሽጉጥ ወልዋዮች

ነገሬን ያለ መግቢያ ልጀምረው። በከተማችን ያገለገለ ሽጉጥ የሚገመትበት መንገድ የተገለበጠ ነው። ብረቱን በወሬ እንመዝናለን፤ ወሬውን ግን በምንም አንመዝነውም። አያቱ ያወረሱትን ስድስት ጎራሽ ከሣጥን ያወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? መወልወል ነው። ብርጭቆ ወረቀት ገዝቶ ጥቁር ቡናማ ቆዳው እስኪለቅ ድረስ ይፍቀዋል፤ ሲብስበትም ኒኬል ያስነክረዋል። ከዚያ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «የዓድዋ ነው» ይላል። ዐዋቂ ነኝ ባዩ እንግዳም ዓይኑን በብልጭታው፣ ጆሮውን በዓድዋ ሞልቶ «ኧረ ይኼማ ስንትና ስንት ያወጣል!» ብሎ አንድ ቁጥር ይጠራል። ባለቤትም ገማችም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ሽጉጡ ከነበረው ዋጋ ውስጥ አብዛኛው ግን ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ቀርቷል።

«ከመቼ ወዲህ ነው የሥነ ጽሑፍና የባህል መጽሔት ስለ ሽጉጥ የሚያወራው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። በዚህ አገር የጦር መሣሪያ ከመሣሪያነቱ በላይ የቤተሰብ መዝገብ ሆኖ ኖሯል። አባት በነፍስ አባቱ ፊት ሲናዘዝ፣ ከመሬቱና ከበሬው ጋር ምንሽሩን፣ ውጅግራውን፣ ሽጉጡን ለማን እንደሚተው በስም እየጠራ ይናገር ነበር። መጽሐፍ ያልተጻፈለት፣ ሐውልት ያልቆመለት ሰው ስሙ የቀረው እጀታ ላይ በጩቤ በተጫረች አንዲት ፊደል ሊሆን ይችላል። ያንን እጀታ በሞረድ «የሚያስተካክል» ሰው ብራና ከሚፍቅ ሰው በምን ይለያል? ብራና ፋቂውን እንረግመዋለን፤ ሽጉጥ ፋቂውን ግን «እንዴት አሳምረኸዋል!» እያልን ቡና እናፈላለታለን።

እስቲ ከብረቱ እንነሣ። ብረት ሲዋሽ እንኳ ምልክት ይተዋልና።

ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ዐዋቂ እጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው ባዶነቱ ነው። «ጥይት የለውም» የሚል የባለቤት ቃል አይበቃም፤ ስድስቱም ጉድጓድ አንድ በአንድ በዓይን ይታያል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእጅና የጆሮ ነው። የኋላው መዶሻ ሲሳብ፣ ጥይት የሚጎርሰው ክብ ከበሮ ዞሮ ልክ ቦታው ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ መቆለፍ አለበት። ምላጩ ተይዞ ሳለ ከበሮውን በጣት ወዲያና ወዲህ ሲሞክሩት እንደ ላላ ጥርስ የሚወዛወዝ ከሆነ የውስጥ ዕቃው አልቋል። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ጉድጓዱና በርሜሉ ፊት ለፊት አይገጥሙለትም፤ ቢተኮስ እርሳሱ የበርሜሉን ጠርዝ እየላጨ በጎን ይረጫል፤ አንዳንዴም ባለቤቱን ያቆስላል። ከበሮውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋትም ያስፈልጋል። ብዙ የሚንሸራተት ከሆነ ዕድሜውን በተኩስ ጨርሷል ማለት ነው። ደግሞም አንዱን ጉድጓድ ሞክሮ ማቆም አይገባም። አምስቱ ደኅና ሆነው ስድስተኛው የሚከዳበት ጊዜ አለ። በርሜሉን በመስኮት ብርሃን አንጻር ሲያዩት ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ጥርት ብሎ ከታየ መልካም፤ ፈንጣጣ እንደ ጎበኘው ፊት ከተቦረቦረ ግን ባለቤቱ እየተኮሰ ሳይጠርገው ያስቀምጠው ነበር።

ይህን ሁሉ ብዙ ሰው ሰምቶት ይሆናል። እኔ በይበልጥ እንድታዩልኝ የምፈልገው ብሎኖቹን ነው። የብሎን ራስ ላይ ያለችው ስንጥቅ ጠርዟ ስለት እንደሆነ ከቆየ፣ ሽጉጡ ከተሠራ ጀምሮ በተገቢ መሣሪያ ብቻ የተከፈተ ወይም ጨርሶ ያልተከፈተ ነው። ስንጥቋ ከተበላችና ዙሪያዋ ከተጫረ፣ ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ የያዘ ሰው ገብቶበታል፤ ምን አውጥቶ ምን እንዳስገባ ደግሞ እግዚአብሔር ይወቀው። ከብሎኑ ቀጥሎ ፊደሎቹንና ቁጥሮቹን እዩ። ፋብሪካ የመታው ማኅተም ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ በጣት ሲዳስሱት የሚሻክር ነው። ፊደሉ ግማሹ ጠፍቶ፣ የብረቱ ማዕዘን ሁሉ እንደ ሳሙና ከተሟለጨ፣ ያ ሽጉጥ ተፍቋል። በላዩ ላይ የተነከረው ኒኬል ምንም ቢያብረቀርቅ፣ ከሥሩ የዝገቱ ጉድጓዶች እንደ ወንፊት ይታያሉ። በመጨረሻም ቁጥሩ አካሉ ላይና ከበሮው ላይ አንድ መሆኑን አመሳክሩ። የማይገጥም ከሆነ በእጃችሁ ያለው ሽጉጥ ከሁለት ሽጉጥ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ በየትም አገር አሮጌ መሣሪያ የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ። ያረጀ የፋብሪካ ቀለም፣ ግማሹ የተላጠ እንኳ ቢሆን፣ አዲስ ከተቀባ ሙሉ ቀለም ይበልጣል። እኛ ዘንድ ግን ሽጉጥም እንደ ሰርገኛ መኪና ይገመታል፤ ያበራ ይወደዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ፤ «ዝም ብሎ ይበስብስ» ማለቴ አይደለም። ዝገት ሁለት ዓይነት ነው። ቀይ፣ ዱቄት የሚመስል፣ ጣት የሚያቀላ ከሆነ ብረቱን እየበላ ነውና መቆም አለበት፤ ለዚያ የሚበቃው ለስላሳ ጨርቅና ስስ ዘይት ነው። ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ሆኖ እንደ ቆዳ የተጣበቀው ግን የብረቱ ሽበት ነው። ሽበት አይበላም፤ ሽበት ዕድሜ ይነግራል። ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የሚዘምተው ወገን ሁለቱን ሳይለይ ነው የሚፈጀው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። እዚህ ላይ ብረቱ ብቻውን አይበቃንም። ፓሪስ ላይ የተሸጡ ሁለት ሽጉጦችን ላመሳክር፤ ሁለቱም ለፎሾ የሚባለው ዓይነት፣ ሁለቱም 7 ሚሊ ሜትር፣ ሁለቱም ለኪስ የሚሆኑ ተራ መሣሪያዎች ናቸው። ጥይታቸው በጎኑ ትንሽ ሚስማር ያወጣና መዶሻው ሚስማሯን ከላይ የሚመታበት፣ ዛሬ የተረሳ አሠራር ነው። እንዲህ ያለ ሽጉጥ በ19ኛው መቶ ዓመት እንደ አሸዋ የበዛ ስለነበር፣ ታሪክ የሌለው ተራው ዛሬም አውሮፓ ውስጥ ጥቂት መቶ ዩሮ ቢያወጣ ነው።

የመጀመሪያውን ሐምሌ 10 ቀን 1873 እ.ኤ.አ. ባለቅኔው ፖል ቬርሌን ብራስልስ ላይ በ23 ፍራንክ ገዛው። በዚያው ቀን ሆቴል ውስጥ ወዳጁ አርተር ራምቦ ላይ ሁለት ጊዜ ተኮሰ፤ አንዷ ጥይት ግራ የእጅ አንጓውን አቆሰለችው። ቬርሌን ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ይህ ሽጉጥ በኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. ክሪስቲስ ፓሪስ ላይ ለሐራጅ ሲያቀርበው ግምቱ ከ50,000 እስከ 60,000 ዩሮ ነበር፤ የተሸጠው በ434,500 ዩሮ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎግ በሐምሌ 1890 እ.ኤ.አ. ራሱን የገደለበት ሳይሆን አይቀርም የሚባለው ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኦቨር በተባለችው መንደር አንድ ገበሬ ከእርሻ ውስጥ ያገኘው፣ ዝገት የበላው፣ እጀታው የጠፋ ብረት ነው። በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. በ162,500 ዩሮ ተሸጠ።

«የመጀመሪያው ይዞታው የተሻለ ስለሆነ በለጠ» የሚል ካለ፣ የይዞታ ልዩነት ለእነዚህ ዓይነት ሽጉጦች የመቶዎች እንጂ የመቶ ሺዎች ልዩነት አያመጣም ብዬ እመልስለታለሁ። «ዝና ነው» የሚል ደግሞ ካለ፣ እስቲ አራት ኪሎ ላይ ቆማችሁ መንገደኛውን ጠይቁ፤ ቫን ጎግን የሚያውቅ ይበዛል ወይስ ቬርሌንን? በዝና ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው መብለጥ ነበረበት። እኔ እንደሚገባኝ ልዩነቱን ያመጣው ወረቀት ነው። የቬርሌን ሽጉጥ ከሻጩ ቤት ጋር የሚያገናኘው መዝገብ፣ የፖሊስና የፍርድ ቤት ፋይል፣ የተኳሹም የቆሰለውም ቃል አለው። የቫን ጎግ ግን «ሳይሆን አይቀርም» የሚል ሐረግ ተሸክሞ ነው የቀረበው። ያቺ ሐረግ ነች ይህን ሁሉ ዩሮ የቀነሰችው።

ይሁን እንጂ ያ «ሳይሆን አይቀርም» ራሱ ከምን መጣ? ከዝገቱ ነው! የተገኘበት ቦታ፣ የጥይቱ መጠን ሐኪሙ ከመዘገበው ጋር መግጠሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝገቱ ለብዙ አሥርተ ዓመታት መሬት ውስጥ መቆየቱን መመስከሩ። ያ ገበሬ እንደ እኛ ሰው ቢሆን ኖሮ ቤቱ እንደገባ አሸዋና ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ይፈትገው ነበር። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በኪሎ የሚሸጥ ብረት ነው፤ ከቁራሌው በቀር የሚጠይቀው አይኖርም።

ስለ ራምቦ ከተነሣ አይቀር፣ የቆሰለው ልጅ በኋላ የት እንደደረሰ የሐረር ሰው ያውቀዋል። በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሐረር ገባ፤ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ሆነ። ቆየት ብሎም ራሱ ያገለገለ ጠመንጃ ሻጭ ሆኖ አረፈው። በ1885 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ንግዱን ሳይደብቅ አብራርቶታል፤ ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ፣ ሊዬዥ ከተማ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጡ ጠመንጃዎችን ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ በ40 ፍራንክ ገደማ መሸጥ ነበር ሐሳቡ። ሸሪኩ ላባቱ ሞተበት፤ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ በየካቲት 1887 እ.ኤ.አ. አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ አልነበሩም። ሐረርን ከያዙበት ዘመቻ ሲመለሱ እንጦጦ ላይ አገኛቸው። ንጉሡ ዋጋውን ቆረጡበት፤ የሟቹን ሸሪክ ዕዳ ቀነሱበት፤ የቀረውንም ሐረር ካለው ከመኮንን ዘንድ እንዲቀበል ወረቀት ሰጥተው ሸኙት። ራምቦ በደብዳቤዎቹ ምርር ብሎ አልቅሷል።

የፈረንጅ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሲተርኩ ለባለቅኔው ከንፈር ይመጣሉ። እኔ ከንፈሬን አልመጥም። ሰባት ፍራንክ የሚያወጣ ብረት በአርባ ፍራንክ ሊሸጥ የመጣ ነጋዴ ብረት የሚያውቅ ገዢ ገጠመው፤ ይኸው ነው። ሸዋ ያንን ጊዜ የፈረንጅ ወሬ ሰምቶ ጠመንጃ አይገዛም ነበር። ዛሬ እኛ የዚያ ገዢ ልጆች ነን እያልን፣ ጎረቤታችን «የዓድዋ ነው» ካለን ማኅተሙን እንኳ ገልጠን አናይም። (ሐረር ላይ «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኘውም ውብ ቤት ራምቦ የኖረበት መሆኑ አልተረጋገጠም። ቱሪስቱም ፎቶውን አንስቶ ይሄዳል።)

እነሆ የነገሬ እምብርት። በየቤቱ «የዓድዋ» ተብለው ከሚታዩት ሽጉጦች ውስጥ የጣሊያኑ ቦዴዮ አለ። በ1889 እ.ኤ.አ. ለጣሊያን ጦር የታደለ፣ 10.35 ሚሊ ሜትር፣ ስድስት ጎራሽ፣ በቀኝ ጎኑ ባለች ትንሽ በር ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ ጠንካራ መሣሪያ ነው። ይህ ሽጉጥ ባለቤቱን በሁለት መንገድ ያጋልጠዋል። አንደኛ፣ ሁለት መልክ አለው። የተራው ወታደር በርሜሉ ስምንት ማዕዘን ሆኖ የምላጭ መከለያ ቀለበት የለውም፤ ምላጩ ወደ ፊት ይታጠፋል። የመኮንኑ በርሜሉ ክብ ነው፤ ምላጩም ቀለበት አለው። ስለዚህ «አያቴ ከኮሎኔል እጅ የማረኩት» ተብሎ የታጣፊ ምላጭ ሽጉጥ ሲወጣ፣ ወይ ኮሎኔሉ የወታደሩን ተበድሯል፣ ወይ ወሬው ማዕረግ ጨምሯል። ሁለተኛና ዋናው፣ ይህ ሽጉጥ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲሠራ ቆይቷል፤ ብዙዎቹም ላይ የሠሪው ስምና የተሠራበት ዓመት ታትሟል። 1916 ወይም 1917 የሚል ቁጥር የታተመበት ሽጉጥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሊገኝ አይችልም። የዘመን አቆጣጠራችን ልዩነት ሰባት ስምንት ዓመት ነው እንጂ ሃያ ዓመት አይደለም።

«ታዲያ ምን ይሁን? ውሸቷ ለክብር ነች» የሚሉኝ አሉ። እነርሱን ነው የምጣላው! ያ 1917 የታተመበት ሽጉጥ እኮ የሆነ መንገድ ሄዶ ነው እዚህ ቤት የገባው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ቦዴዮን ይዞ መጥቷል። ስለዚህ ሽጉጡ ከዓድዋ ካልመጣ፣ ምናልባት ከአምስቱ የአርበኝነት ዓመታት የመጣ ነው፤ ከአድፍጦ ውጊያ፣ ከምሽግ ሰበራ፣ ሌሊት መንገድ ከቆረጠ አርበኛ፣ ወይም ስንቅና ወሬ ታቀብል ከነበረች ሴት እጅ። ያ ሰው በዓድዋው ጊዜ አልተወለደም ይሆናል። የራሱ ጦርነት ነበረው። የልጅ ልጁ ግን የሽጉጡን ማኅተም ፍቆ፣ አባቱን ሳያውቅ አያቱን ይናፍቃል! አንድ ውሸት ለዓድዋ ምንም አልጨመረላትም፤ ዓድዋ ከማንም ሳሎን ሽጉጥ አትለምንም። ከአርበኛው ግን ያለውን ብቸኛ ምስክር ወሰደችበት። ኒኬል ሲነከር የጠፋው 1917 የምትለው ቁጥር ናት፤ እርሷ ነበረች ሰውየው መቼ እንደተዋጋ ልትነግረን የምትችለው።

ይህን ያህል የምጮኸው ወረቀትና ማኅተም ምን እንደሚሠሩ በገዛ ታሪካችን ስላየን ነው። ሚያዝያ 13 ቀን 1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በሽጉጥ ሲገድሉ፣ ሽጉጡን ያነሡት የእንግሊዝ ወታደሮች ምን እንዳነሡ ያወቁት በወሬ አልነበረም። ከዘመቻው ጋር የነበረው ጋዜጠኛ ሄንሪ ስታንሊ እንደዘገበው፣ እጀታው ላይ የብር ሰሌዳ ነበረ፤ ንጉሡ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ላሳዩት ደግነት ንግሥት ቪክቶሪያ ለምስጋና የሰጠችው መሆኑ ተቀርጾበት ነበር። አንዲት የብር ሰሌዳ! ወዳጅነቱም፣ ኋላ የመጣው ክህደትም፣ መጨረሻውም ሁሉ በእርሷ ላይ ተደምሯል። አሁን አንድ ወልዋይ ያቺን ሰሌዳ በየሳምንቱ በፖሊሽ እየፈተገ ፊደሏን አጥፍቷት ቢሆን ኖሮ፣ ምን ይቀር እንደነበር አስቡት፤ ጥይት የጨረሰ አሮጌ ብረት።

ከመቅደላ የሄደው ዕቃ ዛሬም ጥቂት በጥቂት እየተመለሰ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የንጉሡ ጸጉር ከለንደን ሙዚየም ተመልሷል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ለሐራጅ ቀርበው የነበሩ ዕቃዎች ከሽያጩ ወጥተው አገር ገብተዋል። ይህ የሆነው በልመና ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ከየት እንደተነሣ፣ በማን እጅ እንደሄደ የሚያሳይ ጽሑፍ ስለነበረ ነው። ዘራፊው እንኳ ጽፎ አስቀመጠ። እኛ በገዛ ቤታችን ያለውን አልጻፍንም፤ የተጻፈበትንም እየፋቅን ነው። ነገ የልጅ ልጆቻችን «ይህ የእኛ ነው» ብለው ፍርድ ቤት ቢቆሙ በምን ሊያስረዱ ነው? በብልጭታው?

ፍርድ ቤት ካልኩ አይቀር፣ በአሜሪካ ሸሪፍ ፓት ጋሬት ወንበዴውን ቢሊ ዘ ኪድን የገደለበት ኮልት ሽጉጥ በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ጋሬት ሽጉጡን አንድ መጠጥ ቤት አስቀምጦት ኖሮ፣ እርሱ ከሞተ በኋላ ሚስቱ ተሟግታ አስመልሳዋለች። ሴትዮዋ ያን ጊዜ የተሟገተችው የባሏን ዕቃ ለማስመለስ እንጂ ለሐራጅ ብላ አልነበረም። የክርክሩ ወረቀት ግን ሽጉጡ የማን እንደነበር የሚመሰክር ሆኖ ቀረ። በእኛም አገር እንዲህ ያለ ወረቀት ሞልቷል፤ የውርስ ክርክር፣ የአርበኝነት ምስክር ወረቀት፣ አያት ሽጉጡን ታጥቀው የተነሡት ፎቶግራፍ፣ የመሣሪያ ፈቃድ። ሰው ቤት ሲያድስ መጀመሪያ የሚጥለው እርሱን ነው። ሽጉጡን ይወለውላል፤ ወረቀቱን ያቃጥላል።

ሁለት ተቃውሞዎችን በአጭሩ ልመልስ። «ሽጉጥ የሰው ደም የፈሰሰበት ብረት ነው፤ ምን ያስከብረዋል?» የሚሉ አሉ። አላስከብረውም። የፍርድ ቤት ፋይልም የገዳይ ስም አለበት፤ ስለዚህ ይቃጠል አንልም። ሌሎች ደግሞ «ሕጉ እያለ ማን ሽጉጥ አለኝ ብሎ ይናገራል?» ይላሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ያለ ፈቃድ መያዝንም መሸጥንም መከልከሉ እውነት ነው፤ መከልከሉም ደግ ነው። ነገር ግን ፈቃድ የሚያወጣ ሰው የሽጉጡን ቁጥር ማስመዝገቡ አይቀርም፤ ፋቂው ደግሞ የሚያጠፋው ያንኑ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የጠፋ መሣሪያ በሕግ ዓይን ምን እንደሚመስል ለማንም የሚሰወር አይደለም።

የዓድዋ ሙዚየም በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ሰው «የእኛም ቤት አለ» ማለት ጀምሯል። ደስ ይላል። ግን አንድ ሙዚየም የሚፈልገው የሚያብረቀርቅ ስድስት ጎራሽ ከሆነ፣ አዲሱን ከፋብሪካ ማዘዝ ይቀለዋል። የሚፈልገው የእናንተን ነው፤ ከነሽበቱ፣ ከተበላ የቆዳ ማኅደሩ ጋር፣ እጀታው ላይ በጩቤ ከተጫረው መስቀል ጋር። ማኅተሙ ላይ ስስ ወረቀት አድርጋችሁ በእርሳስ ብታሹት ፊደሉ ሳይነካ ይገለበጣል፤ የልጅ ጨዋታ ነው። በሁለቱም ጎን ፎቶ አንሡት። በሕይወት ያሉ አክስት ካሉ ደግሞ ሽጉጡ ቤት የገባው መቼና በማን እጅ እንደሆነ የሚያስታውሱትን፣ «አላስታውስም» ያሉትንም ጭምር፣ ቀን ጽፋችሁ አስፈርሟቸው። ዓድዋ ካላሉ ዓድዋ ብላችሁ አትጻፉባቸው። ኒኬል ነካሪው ዘንድ ወረፋ የያዛችሁም ካላችሁ፣ ቀብዱን ተዉለትና ሽጉጡን ዛሬውኑ መልሳችሁ ውሰዱ።